በካርዱ ላይ የጠቆሩት እንቁላሎች

በአፌ ለማንም ነግሬ የማላውቀውን ነገር ከፊት አስቀድማለሁ፤ ወደ ኋላ ከተውኩት እንደገና ልደብቀው እችላለሁና። ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት በተርብ ማራቢያው ክፍል የነበሩትን ሁለት መቶ አሥር ካርዶች በሞቀ ውሃና በጨርቅ ጠርጌ ያጸዳኋቸው እኔ ነኝ። ጉንዳን አልበላቸውም። በዚህ ምክንያት ከሥራ የተባረረችው ግን የባሌ እህት ናት።

ባለቤቴ የክፍሉ ኃላፊ ነበር። እዚያ የሚረቡት ተርቦች ሰው የሚነድፉ አይደሉም፤ ከነጥብ ያነሱ ናቸው። ሴቷ እንቁላሏን የምትጥለው በእሳት እራት እንቁላል ውስጥ ነው። ከዚያ እንቁላል አባጨጓሬ ወጥቶ የሰው ቲማቲም ሊበላ ሲገባው፣ ውስጡ ያደገው ትንሽ ተርብ ቀድሞ ይበላውና በራሱ ቀዳዳ ይወጣል። ገበሬው በካርድ ላይ የተለጠፉትን እንቁላሎች ማሳው ውስጥ ያንጠለጥላል፤ የቀረውን ሥራ ተርቦቹ ይሠሩታል። ይህን ዛሬ አውቃለሁ። ያን ጊዜ አላውቅም ነበር። ወይም ተነግሮኝ አልሰማሁም።

የባሌን እህት በቤተሰቡ ሁሉም "ችኩሌ" ይላታል፤ ስትራመድም ስትናገርም ትጣደፋለች። አሁን የምትኖረው ውጭ አገር ነው። ስልክ አለን፤ ግን እኔ ስልክ ላይ አፌ ይያዛል፤ እሷም የወንድሟን ቤት ቁጥር መደወል ከተወች ብዙ ዘመን ሆኗታል። ከዚህ በታች ያሉት ደብዳቤዎች የእሷና የእኔ ናቸው። የእኔን የገለበጥኩት ከረቂቄ ነው፤ ረቂቅ ሳላዘጋጅ ደብዳቤ ጽፌ አላውቅም። ለማንበብ የሚያሳፍረኝን ቦታ እንኳ አልሰረዝኩም።

*

መጋቢት 4

ይድረስ ለእትዬ፣ ለወንድሜ ቤት እመቤት፤

ጤናሽ የጸና፣ ቤትሽ የሞቀ፣ ጉልበትሽም ደረጃ የማይፈራ ይሁን። እኔ ከወገቤ በቀር ደህና ነኝ። ወገቤ የራሱ ሐሳብ አለው።

ወንድም ጋሼ የሞተ ጊዜ የጻፍኩልሽ አራት መስመር ብቻ እንደነበር አልረሳሁም። አራት ዓመት ሙሉ አምስተኛውን መስመር ስፈልግ ኖርኩ። አሁን አንድ ነገር ገጠመኝና ይኸው ብዕር አነሳሁ።

የምሠራበት ግሪን ሃውስ ቲማቲም የሚመረትበት ነው፤ ከጫፍ እስከ ጫፉ ስትሄጂ ጫማሽ ያልቃል። ሰባት ዓመት ቅጠል ስቆርጥ፣ ግንዱን ከገመድ ጋር ሳስር፣ ፍሬ ስለቅም ቆየሁ። ባለፈው ሳምንት አለቃዬ፣ እኔ ብወልዳት የምትደርስ ልጅ ናት፣ አንድ የካርቶን ሣጥን ሰጠችኝና "በየአሥረኛው ተክል ላይ አንጠልጥዪልኝ፣ ፀሐይ እንዳይመታቸው ከቅጠሉ ሥር" አለችኝ። ከፈትኩት። እትዬ፣ ካርዶቹ ናቸው! ከእኛዎቹ ያንሳሉ፣ ጫፋቸው ላይ መንጠቆ አላቸው፤ ግን ያው ጥቁር ነጥብ፣ ቁንዶ በርበሬ የተነሰነሰበት የሚመስል። መሬት ላይ ዘጭ ብዬ ተቀመጥኩ።

"ምነው፣ ደከመሽ?" አለች ልጅቷ።

"አይ፣ ዘመድ አገኘሁ" አልኳት።

ከዚያ በኋላ እኔን ማን ዝም ያሰኘኛል! ሴቷ ተርብ እንቁላሉ ላይ ወጥታ ከዳር እስከ ዳር እየተራመደች እንዴት እንደምትለካው፣ ትልቅ ከሆነ ሁለት ሦስት፣ ትንሽ ከሆነ አንድ ብቻ እንደምትጥልበት፣ ሌላዋ ቀድማ የገባችበትን አሽትታ እንደምታልፍ፣ ወንድም ጋሼ ያስተማረኝን ሁሉ ዘረገፍኩት። ልጅቷ አፏን ከፍታ ሰማችኝ። አሁን ካርዶቹን የሚቀበል፣ በማጉያ የሚመረምርና የሚያከፋፍል ኃላፊ ልታደርገኝ ትፈልጋለች። ሦስት ሴቶች ከእኔ ሥር ይሆናሉ። እስከ ሰኔ 10 አስቢበት ብላኛለች።

እንዴት እሺ ልበል? የመደርደሪያዎቹን እግር ያቆምንባቸውን ጣሳዎች ውሃ መሙላት የእኔ ሥራ ነበር፤ ጉንዳን እንዳይወጣ። ያን ቀን ደርቀው ተገኙ፤ ጉንዳኑም ወጣ፤ የሆነው ሆነ። ዛሬም ባዶ ጣሳ ባየሁ ቁጥር ውሃ እሞላለሁ፤ የጎረቤቴ ድመት ሳህን ሳይቀር። እንዲህ ያለች ሴት ናት ሌላ ሰው ልትቆጣጠር?

ሁለት ነገር ልለምንሽ። አንዱ የወንድም ጋሼ ፎቶ ነው፣ ነጭ ጋዋኑን ለብሶ የተነሳው። ሁለተኛው፣ እኔ ከሄድኩ በኋላ ስለ ጣሳዎቹ የተናገረው ነገር ካለ ንገሪኝ። ክፉም ቢሆን እችለዋለሁ።

ችኩሌሽ

*

መጋቢት 30

ይድረስ ለችኩሌ፤

በሄድሽበት ሁሉ መልካም ሰው ይግጠምሽ፤ እጅሽ የነካው ይለምልም፤ ወገብሽንም ፈጣሪ ያለዝብልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ዓይኔ መነጽር ለወጠ እንጂ ማንበቡን አልተወም።

ፎቶውን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ። ጥግ ላይ የሚታየው ክንድ ያንቺ ነው። አስታውሳለሁ፣ "ቁሚ" ሲልሽ እየሳቅሽ ከፎቶው ወጣሽ።

ባለፈው ሳምንት በክፍሉ በኩል አለፍኩ። የማዳበሪያ መጋዘን ሆኗል። አረንጓዴው መጋረጃ ወልቋል፤ መስኮቱ ግን ያው ነው፤ የተሰነጠቀው መስተዋት እንኳ አልተለወጠም። ቆሜ ወደ ውስጥ አየሁ። የፉርሽካው ሽታ የመጣብኝ መሰለኝ። የእሳት እራቶቹን በፉርሽካ ስታረቡበት የነበረው የእንጨት ሣጥን፣ አንቺ ሣጥኑን ስትከፍቺ ብናኙ አፍንጫሽ እየገባ ሰባት ጊዜ ስታነጥሺ፣ ወንድምሽ ከጠረጴዛው ሳይነሳ "አምስት… ስድስት… ሰባት፣ በቃት" እያለ ሲቆጥር። እንቁላሎቹን በወንፊት ስትነፊያቸው የሚሰማው ድምፅ፣ ዝናብ ሊጀምር ሲል እንዳለው ዓይነት ስስ ድምፅ። ከዚያ ሙጫ በተቀባው ካርድ ላይ ስትነሰንሻቸው ነጭ ዕንቁ ይመስሉ ነበር። እኔ ይህን ሁሉ ያየሁት ከመስኮቱ ውጭ ቆሜ ነው። ጫማ ያላወለቀ፣ ጋዋን ያልለበሰ አይገባም ይል ነበር ወንድምሽ፤ ሚስቱ ብሆንም።

አንድ ቀን ግን ወደ በሩ ጠራኝ። አንድ ብርጭቆ በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ ይዟል፤ በአንድ በኩል ብቻ ብርሃን ይገባዋል። "ተመልከች" አለኝ። ምንም አላየሁም። "ብርሃኑ ጋ እይ።" ጭስ የመሰለ ነገር ሲንቀሳቀስ አየሁ። ተርቦቹ ነበሩ። "ከእነዚህ ውስጥ ሦስቱ በመርፌ ጫፍ ላይ ይቆማሉ፤ ግን አንድ ማሳ ያድናሉ" አለኝ። ፊቱ እንደ ሕፃን ፊት በርቶ ነበር። ይህን ፊቱን ከሁሉ አብልጬ አስታውሰዋለሁ።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ማንበብ ጀመርኩ። መጀመሪያ ፊደል እየቆጠርኩ፣ ኋላ እየሮጥኩ። ስለ ተርቦቹ የተጻፈ ያገኘሁትን ሁሉ አንብቤያለሁ። እንቁላሉ በተጣለ በማግሥቱ ውስጡ ትሏ ትፈለፈላለች፤ አስኳሉን ትጠጣለች፤ ሆዷ እስኪነፋ ትጠጣለች እንጂ ሌላ ሥራ የላትም። ሙቀቱ ከተስማማት በዘጠነኛው ወይም በአሥረኛው ቀን ሙሉ ተርብ ሆና ቅርፊቱን በአፏ ትቀድደዋለች። ዕድሜዋ ከዚያ በኋላ አንድ ሳምንት ያህል ነው።

ስለ ጣሳዎቹ ወንድምሽ ብዙም አልተናገረም። ሥራውን ተቀበዪ። እንዳንቺ የሚያውቀው ሰው የለም።

የወንድምሽ ሚስት

*

ሚያዝያ 24

ይድረስ ለእትዬ፤

ቀንሽ የብርሃን፣ ጓዳሽ የማይጎድል ይሁን። ፎቶው ደረሰኝ። ክንዴን ሳይ እንዴት ቀጭን ነበርኩ! አሁን ያ ክንድ ጣቴ ነው።

እትዬ፣ አትቆጪኝና "ብዙም አልተናገረም" ያልሽው አላስተኛኝም። ብዙ አልተናገረም ማለት ጥቂት ተናግሯል ማለት ነው። አንቺ ከድሮም ቃል ትቆጥቢያለሽ፤ የቆጠብሽውን የት እንደምታስቀምጪው ግን አይታወቅም።

ያን ቀን ልንገርሽ፤ ብታውቂውም ከእኔ በኩል አልሰማሽውም። ወንድም ጋሼና ሥራ አስኪያጁ ጋሽ ማኅተም ከቲማቲም አምራቾቹ ማኅበር ጋር ሊሰበሰቡ ሄደዋል። ጋሽ ማኅተም ያን ማኅተም ከኪሳቸው አውጥተው መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው ያውቃሉ? ሚስታቸውን ሲስሙ ሳይቀር የሚያትሙ ይመስለኝ ነበር። ካርዶቹ ከሦስት ቀን በኋላ ለማኅበሩ ሊሰጡ ነው። እኔ ብቻዬን ነኝ፤ ጥርሴ ደግሞ ገደለኝ። ጉንጬ እንደ ዳቦ ነፍቷል። ቁልፉን ሰጥቼሽ "ቴርሞሜትሩን ብቻ እዪልኝ፣ ሌላ ምንም አትንኪ" ብዬሽ ጥርሴን ላስነቅል ሄድኩ። ምሽት ላይ ቁልፉን ስትመልሺልኝ "የነካሽው ነገር አለ?" አልኩሽ። "ቴርሞሜትሩን ብቻ አየሁ" አልሽኝ።

በማግሥቱ ስከፍት ጉንዳን ለተርቦቹ ወዳስቀመጥነው ማር ተሰልፎ ይሄዳል። ካርዶቹ ባዶ። ጣሳዎቹ ደረቅ። ጠዋት የሞላኋቸው ይመስለኝ ነበር፤ በዓይኔ ይታየኝ ነበር ውሃው። ግን ደረቅ ጣሳ ፊት ቆመሽ "ሞልቻለሁ" ትያለሽ? ሥራ ጥዬ መሄዴ እንዳይታወቅ፣ አንቺንም እንዳይቆጡሽ፣ ቀኑን ሙሉ እዚያ ነበርኩ አልኩ። ጋሽ ማኅተም "እንግዲህ እዚያ ሆነሽ ነው ያስበላሽው" አሉ። አትመው "በቸልተኝነት" ብለው አሰናበቱኝ። የዚያን ዓመት የማኅበሩ ቲማቲም በትል አለቀ። የወንድም ጋሼም ፊርማ ከደብዳቤው ሥር ነበረ። ደብዳቤውን ሲሰጠኝ አላየኝም። እስከ ዛሬ የምሞተው በዚያ ነው፤ በፊርማው ሳይሆን ባለማየቱ።

የራሴን ዓይን ያላመንኩ ሰው ሆኜ ቀረሁ። ምድጃ አጥፍቼ ሦስት ጊዜ ተመልሼ አያለሁ።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ። ወንድም ጋሼ ሁሉን የሚጽፍበት ደብተር ነበረው። የዚያን ሳምንት ገጽ አውጥተሽ የጻፈውን ቃል በቃል ገልብጪልኝ። ይቅር ያለኝ ከሆነ ሥራውን እቀበላለሁ። ካልሆነ አልፈልገውም። ሰኔ 10 ሩቅ አይደለም።

ችኩሌ

*

ይህ ደብዳቤ ግንቦት 8 ደረሰኝ። ያን ቀን ብመልስ በጊዜው ይደርሳት ነበር። ደብተሩ አልጠፋብኝም፤ ከአልጋዬ ራስጌ ካለው መሳቢያ ውስጥ ነው ያለው። ረቂቁን አምስት ጊዜ ጀመርኩ። አራቱ "ደብተሩን ፈልጌ አጣሁት" የሚሉ ነበሩ። አራተኛውን ፖስታ ውስጥ ከትቼ እስከ ፖስታ ቤቱ በር ሄጃለሁ።

*

ሰኔ 1

ይድረስ ለባሌ እህት፤

ምርቃቱን ወደ መጨረሻ አዛውሬዋለሁ፤ ያኔም ከእኔ ልትቀበዪው ከወደድሽ።

ጣሳዎቹን ሞልተሻቸው ነበር።

ዓይንሽ አልዋሸሽም። ጠዋት ሞልተሽ ነው የሄድሽው። ውሃውን የደፋሁት እኔ ነኝ። ዝንብ ሞቶባቸው፣ ዳራቸው አረንጓዴ ይዞ ነበር፤ ደፍቼ፣ አጥቤ፣ አድርቄ መለስኳቸው። ለምን ውሃ እንደያዙ አላወቅሁም ነበር።

ካርዶቹንም እኔ ነኝ። ቴርሞሜትሩን አይቼ ልወጣ ስል መደርደሪያው ላይ ዓይኔ አረፈ። ከሳምንት በፊት በመስኮት ያየኋቸው ነጫጭ እንቁላሎች ሁሉም ጠቁረዋል። ሻገቱ አልኩ። ባሌ ሲመለስ ምን ይሆናል አልኩ። ከቤት ባልዲ፣ የሞቀ ውሃና የወጥ ቤት ጨርቅ አመጣሁ። ከቀትር እስከ አሥራ አንድ ሰዓት እያንዳንዱን ካርድ ጠረግሁ። ሙጫው ጠንክሮ ስለነበር በጥፍሬ ፋቅሁት። ሁለት መቶ አሥሩንም ደርድሬ ሳበቃ ወገቤን ይዤ ቆሜ አየኋቸው። ኮራሁ። ይህን ልንገርሽ፣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በሥራዬ ኮርቼ አላውቅም። ነገ ስታዪው ትደነቂያለሽ ብዬ፣ ሳልነግርሽ ልደብቀው ፈለግሁ። "ቴርሞሜትሩን ብቻ አየሁ" ያልኩሽ በዚያ ሰዓት ውሸት ሳይሆን ቀልድ ነበር።

ውሸት የሆነው በማግሥቱ ነው።

ወንድምሽ በተጋባን በመጀመሪያው ወር በእራት ላይ ነግሮኝ ነበር። "ውስጡ ያለችው ትል አስኳሉን ጨርሳ ልትለወጥ ስትል፣ በአራተኛው ቀን፣ ቅርፊቱ ይጠቁራል። ሲጠቁር ካየሽ ደስ ይበልሽ፤ ያዘ ማለት ነው" ብሎኝ ነበር። እኔ "እሺ" አልኩት። ልቤ ግን የሳሎኑን ግድግዳ ምን ቀለም እንደማስቀባ ያስብ ነበር። የጠቆሩት ያልተበላሹት ነበሩ። እኔ በጨርቅ የጠረግሁት ሊፈለፈል አምስት ቀን የቀረውን ነው።

ጋሽ ማኅተም ቢሮ ሲጠሩሽ እኔ ኮሪደሩ ላይ ቆሜ ነበር። በሩ ገርበብ ብሏል። "እኔ ነኝ" ለማለት ሁለት ቃል ነው የሚበቃው። አፌን ከፈትኩ። አንቺ "ቀኑን ሙሉ እዚያ ነበርኩ" ስትዪ ሰማሁ፤ እኔን ልትሸፍኚ ብለሽ መሆኑ ገባኝ። አፌን ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ አልተከፈተም።

የጠየቅሽኝን ገጽ ገልብጫለሁ። ይህን ባልነግርሽ ይሻልሽ ነበር፤ ግን የመምረጡ መብት የእኔ አይደለም። ያገኘሁት እሱ ከሞተ በኋላ ነው። ቃል በቃሉ ይኸው፦

"ካርዶቹ እስከ ሙጫቸው ንጹሕ ናቸው። ጉንዳን እንቁላል ይወስዳል እንጂ ሙጫ አያጥብም። በአንዱ ካርድ ጠርዝ ላይ የጨርቅ ክር አገኘሁ። ሰማያዊ።"

ከሦስት ቀን በኋላ ደግሞ አንድ ቃል ብቻ፦ "ፈረምኩ።"

የወጥ ቤቴ ጨርቅ ሰማያዊ ነበር። ወንድምሽ አውቋል። ሃያ ሰባት ዓመት አብረን በአንድ ማዕድ ስንቀመጥ አልጠየቀኝም፤ እኔም አልነገርኩትም። ፊትሽን ያላየው ተቆጥቶሽ አይደለም። ይቅር የሚልሽ ነገር አልነበረውም።

ዘግይቻለሁ። ሥራው ካመለጠሽ በራስሽ ሳይሆን በእኔ ፍረጂ።

ጤና ይስጥሽ። ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ። ሌላ ለመመረቅ አፍ የለኝም።

*

ነሐሴ 26

እትዬ፤

"እትዬ" ብዬ ልጀምር ወይስ አልጀምር ስል ሁለት ወር ተኩል ሆነኝ። ይኸው ጀመርኩ። ሌላ ስም ሰጥቼሽ ስለማላውቅ ነው፤ ሌላ ትርጉም እንዳትሰጪው።

ደብዳቤሽ ሰኔ 13 ደረሰኝ። ሰኔ 10 ለልጅቷ "አልችልም" ብያት ነበር። ቦታውን ካርዱን ገልብጣ ለምታንጠለጥል ሴት ሰጡት። እኔ አሁንም አንጠልጣይ ነኝ። በአንድ ሳምንት ብትቀድሚ ኖሮ! ሳስበው ቅጠሉን ትቼ ግንዱን እቆርጣለሁ፤ ስለዚህ አላስበውም።

መጀመሪያ "ጣሳዎቹን ሞልተሻቸው ነበር" የሚለውን አነበብኩና ወረቀቱን ዘጋሁት። ለአራት ቀን ከዚያ በታች አላነበብኩም። እሱ ብቻውን ይበቃኝ ነበር። ሥራ ቦታ እየሄድኩ "ሞልቼ ነበር፣ ሞልቼ ነበር" እያልኩ ቅጠል ስቆርጥ ዋልኩ። አንዲቷ ሴት "ምኑን ነው የሞላሽው?" አለችኝ። "ጣሳውን!" ስላት ሸሸችኝ።

በአምስተኛው ቀን ቀጠልኩ። አጠብሻቸው! እትዬ፣ በጥፍርሽ ፋቅሻቸው! እግዜር ያሳይሽ፣ ሳቅሁ። ሁለት መቶ አሥር ካርድ፣ በሞቀ ውሃ! እንደ ሰሃን! ሆዴን ይዤ ሳቅሁ፤ ከዚያ አለቀስኩ፤ ከዚያ ለአንድ ወር ያህል ስምሽን መስማት አልፈለግሁም። ስህተቱንማ ማን ይቀየማል። ጥርሴን ባይነቅሉኝ፣ ወንድም ጋሼ ከመስኮት ውጭ ባያቆምሽ አይፈጠርም ነበር። እኔን የገደለኝ ኮሪደሩ ነው። በሩ ገርበብ ብሎ።

ወንድም ጋሼንማ ምን ልበለው? ሚስቱን መረጠ። መምረጡንስ ይምረጥ፤ ግን "ሞልተሽ ነበር" ብሎ በጆሮዬ ቢያንሾካሹክልኝ ማን ይሰማው ነበር? ልሰድበው ፎቶውን ከግድግዳው አወረድኩ። ፊቱን አየሁት፤ ስድቡ ከአፌ ጠፋ። ባለፈው ሳምንት በምሳ ሰዓት አንድ ካርድ በማጉያ መነጽር ሳይ፣ አንዷ ጭንቅላቷን አወጣች፤ ቆመች፤ ደግማ ገፋች፤ ወጣች። ክንፏን እስኪደርቅ ዘርግታ ጠበቀች። ብርጭቆውን በጥቁር ጨርቅ ሲሸፍን፣ "ተመልከች ችኩሌ፣ ቀስ ብለሽ ተመልከች" ሲለኝ ድምፁ መጣብኝ። ያን ድምፅ መጥላት አልቻልኩም። ሞክሬ ነበር።

አሁን ስሚኝ። ቃሉን ባትጽፊውም ይቅርታ ጠይቀሽኛል። ገና አልሰጠሁሽም፤ አልከለከልኩሽምም። ፎቶ አልፈልግም፣ ደብተር አልፈልግም። የምፈልገው አንድ ነው። "በቸልተኝነት" ብለው የጻፉት ጋሽ ማኅተም በሕይወት አሉ ወይ? ካሉ ይስሙት። ሥራ በለወጥኩ ቁጥር ያ ቃል ከማኅደሬ ጋር አብሮኝ ዞሯል፤ ያን ጊዜ ሰው ሁሉ በእሳቸው ቃል ነው የፈረደብኝ። ከእኔ እንዲሰሙት አልፈልግም፤ ከእኔማ "ዛሬም ቸኮለች" ይላሉ። ከአንቺ ይስሙት። ወንድም ጋሼንም አትሸፍኚው፤ ሰማያዊውን ክር ጨምሪ።

ይህን ስታደርጊ ጻፊልኝ። እስከዚያ ግን አትጻፊ።

ችኩሌ

*

መስከረም 9

ጋሽ ማኅተም በሕይወት አሉ። ከፖስታ ቤቱ ጀርባ፣ ሁለተኛው መንገድ ላይ፣ ብረት በሩ ቡናማ የተቀባው ቤት ውስጥ ከሴት ልጃቸው ጋር ይኖራሉ። ትናንት ሄጄ በሩን አንኳኳሁ። ልጃቸው ከፈተችልኝ።

"የቆየ ደብዳቤ ላደርስላቸው ነበር" አልኳት።

"አይ እናቴ፣ ዓይናቸው ማየት ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖታል። እኔም ከሥራ የምመለሰው ደክሞኝ ነው፤ ማን ያነብላቸዋል?"

ከበረንዳው ድምፃቸው መጣ። "ማን ናት?"

"የተርቡ ክፍል ኃላፊ ባለቤት ነኝ ትላለች፣ አባዬ።"

"እሷ ደግሞ ትናገራለች እንዴ?" አሉ።

ልጃቸው አፍራ ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። የተናገሩት እውነታቸውን ነው። በአገልግሎት ዘመናቸው ሁሉ ከእኔ የሰሙት "እንደምን ዋሉ"ን ብቻ ነው።

"እኔ አነብላቸዋለሁ" አልኳት ልጅቷን። "ሐሙስ ከቀትር በኋላ ይመቻቸዋል?"

ይመቻቸዋል ተባልኩ።

ሌሊቱን ሳይሆን ዛሬ ጠዋት፣ ወገግ ባለ ብርሃን ቁጭ ብዬ ሁሉንም በአዲስ ወረቀት ገለበጥኩ። ጋሽ ማኅተም፣ ሚስትዎን ሲስሙ ያትሙ ነበር የሚለውንም አላወጣሁትም፤ እሱን ባወጣ ቀጥዬ ሌላም አወጣ ነበር። አንብቤ ስጨርስ ወረቀቱን እጅዎ ላይ እተወዋለሁ። ከዚያ በታች የሚጻፍ ነገር ካለ ልጅዎ ትጽፈዋለች፤ እርስዎ ይናገሩ። "በቸልተኝነት" የሚለው ቃል የማን እንደሆነ ከእንግዲህ ያውቃሉ፤ እንደ ድሮው አጥብቀው ይበሉት፣ ግን በትክክለኛው ሰው ላይ።

ድምፄ ቢቆራረጥ ይታገሱኝ።

ተቀባይ፦ ለቀድሞው የማራቢያ ጣቢያ ሥራ አስኪያጅ፣ ለጋሽ ማኅተም፣ በአንባቢዋ አፍ፤
ግልባጭ፦ ለጣቢያው የሠራተኞች ማኅደር ክፍል፤
ግልባጭ፦ ጣሳዎቹን ሞልታ ለሄደችው ለባሌ እህት።